ከአስፋልቱ እስከ በሩ

አባቴ ከቆቦ ዋጃ የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው። ሞተሩ የታወቀ ነጭናጫ ነው፤ ያንኳኳል፣ ያስነጥሳል፣ ተሳፋሪው «ይሄ ነገር ያደርሰናል?» እያለ ይስቅበታል። እናቴ ግን ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ያንን ድምፅ ነበር የምትጠብቀው። ገና ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ትሰማዋለች፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትወጣና በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። አባቴ በራችን ላይ ክላክስ ነክቶ አያውቅም።

የተቀበረ ቀን የሾፌር ጓደኞቹ፣ በባላገር የሟች ፈረስ ተጭኖ ለቅሶ ላይ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ሚኒባሱን አስነስተው ከድንኳኑ ፊት አቆሙት። ሞተሩ ሲያንኳኳ ለቀስተኛው በአንድ አፍ ጮኸ። እኔም አለቀስኩ። የዚያ ድምፅ ነገር ያን ቀን እንኳን ሳይገባኝ መቅረቱ ነው ዛሬም የሚያናድደኝ።

ከዚያ መሪውን እኔ ያዝኩ። እናቴ እንደ ድሮዋ እየወጣች በሩን ትከፍታለች፤ እኔ ደግሞ ለእኔ ብላ መስሎኝ ደስ ይለኛል። ወይ ጉድ!

አንድ ቀን ከዋጃ ስመለስ ሞተሩ ጭሱን ለቀቀው። እያዘገመ ቆቦ ጋራዥ ደረሰ። መካኒኩ ከፍቶ አየና፣ «ወላሂ፣ ይሄስ በቃው» አለኝ። ከተጋጨ ሚኒባስ የተፈታ ሞተር ወልድያ ተገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ በሰንሰለት አንጠልጥለን አንዱን ስናወጣ ሌላውን ስናስገባ ከረምን። መካኒኩ «አሮጌውን ምን ላድርገው?» ሲለኝ፣ «ወዲያ በለው!» አልኩት። ፈታትቶ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሰጠው።

አዲሱ ድምፁም አይሰማ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ነዳሁ። በሩ ዝግ ነው። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁና ክላክስ አደረግሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኛ እማ! መኪናውን አልሰማሽውም?»

ወጥታ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። «ይሄ የማን ነው?»

«የኛው ነዋ። ሞተሩን ቀየርኩት፤ ይኸው ሸጋ ሆነልሽ።»

«የድሮውስ?»

«ተፈቶ ሄደ። ምን ይሠራልሻል?»

እጇን ከኮፈኑ ላይ አንስታ ወደ በሩ ዞረች። ሦስት ቀን ለፍቼ ምስጋና ስጠብቅ ፊቷን ማዞሯ አበገነኝ። «አባባ እኮ ሞቷል፣ እማ!» ብዬ ጮህኩባት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«መሞቱን መች አጣሁት» አለች ቀስ ብላ። «አልቅሼ የቀበርኩት እኔ አይደለሁ? ግን ከአስፋልቱ እስከ በሩ ድረስ እሱ ነበር የሚመጣው። ስከፍት አንተ ትሆናለህ፤ ይሁን፣ እሱንም ለምጄው ነበር። ከመፍታትህ በፊት አንዴ ብታሰማኝ ምን ነበረበት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥፋቴን ይዤ የምሄድበት ቦታ እንኳን የለም፤ ብረቱ የት እንደደረሰ ማን ያውቃል።

ሚኒባሱ ዛሬም ይሠራል፣ እንከን የለውም። ሲመሽ ስገባ ወርጄ በሩን ራሴ እከፍታለሁ።