ቅዱሱ የሌለበት ባነር

ሊዋይን ሥራው አድክሟታል፤ ያንገበገባት ግን ከኢሎይሎ ከተማ ወጣ ባለችው ቀበሌያችን ውስጥ ሥራ ነው ብሎ የሚያምንላት አንድ ሰው መጥፋቱ ነው። ኮል ሴንተር ተቀጥራ ሌሊቱን ሙሉ የማታውቀውን ሰው ስድብ በስልክ ስትጠጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሠራተኛ ይላት ነበር። ያንን ትታ በግሏ ዲዛይን ልሥራ ብላ ቤት ስትቀመጥ ሥራ ፈት ሆና አረፈችው። ይህን ወሬ የምታዛምተው ደግሞ የገዛ እናቷ ፌሊ ናት። ለምረቃውም፣ ለዶሮ ሻጩ ልደትም፣ «ችግር የለም፣ ልጄ ቤት ናት፣ ባነሩን በደቂቃ ታወጣላችኋለች» እያለች ቃል ትገባለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ፊቱን ባነር ላይ ሳያሰቅል የሚኖር የለም። ፈተና ያለፈ ይሰቅላል፣ የወለደ ይሰቅላል።

በዚህ መሃል እውነተኛ ሥራ መጣላት። የዳቫዎ ከተማ የካካዎ ገበሬዎች ማኅበር የቸኮሌት መጠቅለያ ንድፍ ለሙከራ አዘዛት። ከወደዱት የዓመቱ ሥራ የእሷ ነው፤ ካልሆነ ወደ ኮል ሴንተሩ መመለሷ ነው። ማስረከቢያው የቀበሌያችን ጠባቂ የቅዱስ ሮኬ በዓል ዕለት ቀትር ላይ ነው። ንድፉ ካለቀ ሰነባብቷል፣ መላክ ግን አቃታት። ትከፍተዋለች፣ ታየዋለች፣ «ይሄን ደግሞ ዲዛይን ብለሽ» ትላለች፣ ትዘጋዋለች። ሰው እንዲህ ራሱን ሲጠላ ማየት ያናድዳል፤ ለዚህ ያበቋትን ሰዎች ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል።

ይባስ ብላ ፌሊ የበዓሉን ባነር ለካፒታን ቃል ገባች። ካፒታን የምንለው የቀበሌያችንን ሹም ሴርቫንዶን ነው። ሊዋይ ያማረ ነገር ሠራችለት፤ ቅዱሱ መሃል ላይ ቆሞ፣ ታሞ ሳለ ዳቦ ያመላልስለት የነበረው ውሻው ዳቦ በአፉ ይዞ እግሩ ሥር፣ የካፒታን ስም ከታች። ካፒታን ስልኩን ይዞ ደጃፏ ድረስ መጣ።

«ልጄ፣ ፊቴ የታለ?»

«የቅዱሱ በዓል አይደል እንዴ ካፒታን?»

«ማን አይደለም አለ? እሱም ይኑር። እኔን ትንሽ ተለቅ አድርጊኝ።»

ተለቅ አደረገችው። ሚስቴ ትጨመር አለ። ቀጥሎ ለምርጫ ሊወዳደር ያሰበው ልጁ ተጨመረ። ቅዱሱ እያነሰ፣ እየተገፋ ጥግ ያዘ። ካፒታን ግን በመጣ ቁጥር «አሁንም አንድ ነገር ይጎድለዋል» ይላል፤ ሊዋይም ይቺን ቃል ይዛት ትተኛለች። እናቷ ከወጥ ቤት ሆና «ምን ያነጫንጭሻል፣ ቁጭ ብለሽ አይደል የምትሠሪው?» ትላታለች።

በመጨረሻ ሊዋይ ብግን አለች። ቅዱሱን ጭራሽ አጠፋችው። ውሻውን ተወችው፤ ዳቦውን ይዞ ሽቅብ ካፒታንን ያያል። ይህን አይቶ ሰድቦኝ ይገላግለኛል ብላ ላከችለት።

ካፒታን በደስታ ሊሞት ደረሰ። «ይኸው፣ ስትፈልጊ ትችያለሽ» ብሎ አሳተመና በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ በሁለት ቀርከሃ መሃል አሰቀለው።

በበዓሉ ዕለት ፌሊ የሙዝ ቅጠል ስትቆርጥበት የነበረውን ገጀራ እንደያዘች በዚያ በኩል አለፈች። ቀና አለች። ባነሩን አየችና ከሕዝቡ መሃል ልጇን ጠራቻት።

«ሊዋይ፣ ቅዱሱ የታለ?»

«ካፒታን ቦታ አጣለት።»

«አትቀልጂብኝ።»

«አልቀለድኩም እማ። አውጥቼዋለሁ። ካፒታንም አላየም፣ ማንም አላየም። እኔ ደግሞ ይሄ ሰውዬ ይጎድለዋል ባለኝ ቁጥር፣ አልችልበትም ማለት ነው እያልኩ ሳለቅስ ነው የከረምኩት። ደክሞኛል። ለሰው ሁሉ ቤት ናት ትያለሽ፤ እዚያ ቤት ውስጥ እየሞትኩልሽ ነው። የቸኮሌቱን ዛሬ ካልላክሁ አበቃ፣ እጄ ግን እምቢ ብሎኛል።»

የፌሊ ፊት ተለዋወጠ። ልጅቷን ልትመታት ነው ብለን ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ አንደኛውን ገመድ በገጀራው በጠሰችው። ባነሩ በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ፣ የበዓሉ መለከት ነፊዎችም አቆሙ።

«ፌሊ፣ አብደሻል እንዴ?» አለ እየሮጠ የመጣው ካፒታን።

«ቅዱሱን የት አደረሱት?»

ካፒታን ያን ጊዜ ገና አንጋጦ ቅዱሱን ባነሩ ላይ ፈለገ። «እዚህ ጋ ነበር እኮ» አለ።

«ልጄን ሲያመላልሷት የከረሙት ለዚህ ነው? ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ።» ሌላውንም ገመድ በጠሰችውና ባነሩን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ከተተችው። እኛ ዘንድ ያረጀ ባነር የአሳማ ጎጆ ይከደንበታል፤ ይሄኛው ሳያረጅ ሊሄድ ነው።

ሊዋይ ተገትራ ቀረች።

«አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት እናቷ። «ቀትር ሊሆን ነው። ሂጂና ሥራሽን ላኪ።»

ሊዋይ ቤት ገብታ ንድፉን ከፈተች። እንደ ልማዷ ጉድለቱን ልትፈልግ ጀመረች። ባነሩን ይዛ ደጅ የደረሰችው ፌሊ ካፒታንን ከነዘር ማንዘሩ ስትሰድብ ይሰማታል። ፍለጋውን ትታ ላከችው። ከዚያ ሰው ሳትጎዳበት ገጀራውን ከእናቷ እጅ ልትቀበል ወጣች።