አባይነህ ያጨለመው ጠፈር

አባይነህ ፒያሳ ውስጥ ሲኒማ ቤት ፊልም ማሳየት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሥራው ምን ያህል ድንቅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ። በፊልም ማሳያው መኪና ውስጥ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ይፋጠጣሉ። ሥዕሉን ሸራው ላይ የሚጥለው በመካከላቸው የሚንቦገቦገው እሳት ነው። ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ በየሦስት ደቂቃው በእጅ ማቀራረብ ግድ ነው፤ አለዚያ ብርሃኑ ይጠፋል። ድምፁ ግን የራሱ ትንሽ አምፖል ስላለው አይቋረጥም። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

በዚህ የተነሳ አባይነህ ፊልም እየታየ ከማሳያዋ ጠባብ ክፍል ንቅንቅ አይልም። የሰፈሩ እድር ደግሞ ካርቦን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል። አባይነህ ሁለት ቀርቷል። ቤቱ ውስጥ አልጋ የያዙ እናቱ ወይዘሮ የሺ አሉ።

«ከተሰረዝክ እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው?» ይሉታል ጠዋት ጠዋት።

በ1973 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አቶ ሐድጉ አረፉ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ጊዮርጊስ ሆነ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ብርሃነ ደግሞ በዚያው ሰዓት ለውይይት ክበቡ ከወዳጅ አገር የመጣ የጠፈር ፊልም እንዲታይ አዟል። አባይነህ ፈቃድ ጠየቀ።

«ሰው ጠፈር ላይ ሰባት ዓመት ብቻውን ለሰፊው ሕዝብ ሲለፋ፣ አንተ ለሬሳ ሥራ ትፈታለህ?» አለው ካድሬው።

ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ጠፈርተኛው በመስኮት ያያል። ሾርባ ከቱቦ ይጠባል። እንደገና በመስኮት ያያል። ብቸኝነት ማለት ይኸው ነው ተባልን። ፒያሳ ቢኖር ኖሮ፣ ሁለት ቀን ከቤቱ ካልወጣ ጎረቤት በሩን ሰብሮ ይገባበት ነበር።

«ምን ይጠብቃል? አውቶቡስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዝምታ፣ ጓዶች!»

አባይነህ አራተኛውን የፊልም ጥቅል አስቀድሞ አይቶታል፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰውየው ተኝቶ ይተነፍሳል። ጥቅሉን ጫነ፣ ዘንጎቹን አቀራረበ፣ በጓሮ በር ወጥቶ ወደ ጊዮርጊስ በረረ።

ብዙም ሳይቆይ ሥዕሉ ቢጫ ሆነ፣ ቀላ፣ ድርግም አለ። እስትንፋሱ ብቻ ቀረ።

«አሁን ገና ፊልም ሆነ!» አለ የኋላው።

ጓድ ብርሃነ ብድግ አለ። «ጓዶች፣ ይህ ጨለማ የግለኝነት ጨለማ ነው! ማስታወሻ ያዙ!»

በዚያ ድቅድቅ ውስጥ ማስታወሻ ያዝን።

ረጅሙ ፍትሐት አልቆ፣ መቃብሩ ዳር የእድሩ ዳኛ አቶ ዓምደሚካኤል ስም ይጠራሉ።

«አባይነህ!»

«አቤት!»

«የሲኒማው? በአካል?»

«በአካል፣ ጋሼ» አለ እያለከለከ።

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና መዝገቡ ላይ ምልክት አደረጉለት። አንድ እፍኝ አፈር ጣል አድርጎ ተመለሰ። ጥቅሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ብርሃኑ መጣ።

ፊልሙ እንዳለቀ ካድሬው አስጠራው። አባይነህ የመቃብሩን አፈር ከእጁ እያራገፈ ቀረበ።

«ጓድ፣ ያ ጨለማው ክፍል ከፍተኛ ትምህርት ሰጪ ነው። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ለሁለተኛው ክበብ ይታያል። አንዳች እንዳይጎድል!»

«አይጎድልም፣ ጓድ።»

እሑድ፣ ሁለተኛው ክበብ ጨለማው ውስጥ ማስታወሻ ሲይዝ፣ አባይነህ በአቶ ሐድጉ የለቅሶ ድንኳን ከአቶ ዓምደሚካኤል ጎን ተቀምጦ ንፍሮ ይበላ ነበር።