እንዴት እንዳደረች

የወረዳው ሠራተኛ ምንትዋብ ሽማግሌውን ገና ከበር ስታያቸው ደከማት። ዛሬም ቦሌ ለሚ በጥበቃ ሥራ አድረው፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነው የመጡት። ወረዳው የሰፈሩን የስልክ ማማ ካስነሣ ወዲህ ቤታቸው ኔትወርክ የለም።

«ባለቤቴ አልጋ ላይ ናት» አሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን እያሻሹ። «ሲብስባት ትደውልልኝ ነበር።»

«አባቴ፣ ማማው ለጤናችን ያሰጋል ብሎ ነዋሪው አመለከተ። እኛም ነዋሪውን ሰምተን ነው ያስነሣነው።»

«እኔስ ነዋሪ አይደለሁም፣ ልጄ?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። መልስም የሚጠብቁ አይመስሉም፤ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«በይ ልሂድ» አሉ። «እንዴት እንዳደረች አላውቅም።»