እጃቸውን የታጠቡ ልጆች

በጎንደር ከተማ፣ ከቀሃ ወንዝ ወዲህ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ወለተሩፋኤል የምትባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለች። ዕድሜዋ ሃምሳን እየተጠጋ ነው። ቁመቷ አጠር ያለ፣ አነጋገሯ ዝግ ያለ፣ ነጠላዋ ሁልጊዜ የነጣ ሴት ናት። መምህራኑ «እትዬ ወለተ» ይሏታል። ልጆቹ ግን ግቢ ውስጥ የሚያገኙትን ትልቅ ሰው ሁሉ እንደሚጠሩት «ቲቸር» ነው የሚሏት። በክፉ የሚያነሳት ሰው አልነበረም።

አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ከጎንደር አድባራት በአንዱ ሲያገለግሉ ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው። በእሳቸው ቤት መጽሐፍ የቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ከግድግዳው ችካል ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲወርድም ሲመለስም ይሳለሙታል። ወለተሩፋኤል ዳዊት የደገመችው እዚያ ቤት ነው። ልጅ ሳለች አንድ ቀን በቅቤ እጇ የብራናውን ጠርዝ ያዘች። አባቷ አልተቆጧትም፣ አልመቷትም። ዝም ብለው መጽሐፉን ከእጇ ወስደው ሰቀሉት፤ እስከ ፋሲካ ድረስም አላወረዱላትም። ያ ዝምታ ከዱላ ይልቅ አመማት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍን መውደድ ማለት ከእጅ መጠበቅ ማለት ሆኖ ልቧ ውስጥ ቀረ።

ቤተ መጻሕፍቱን ስትረከብ ከአሮጌ የመማሪያ መጻሕፍት በቀር ምንም አልነበረበትም። በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የልጆች መጻሕፍት በካርቶን በካርቶን አድርጎ አመጣ። በአማርኛ የተጻፉ፣ ፊደላቸው ጎላ ጎላ ያለ፣ ሥዕላቸው የሚስቅ መጻሕፍት ነበሩ። ጅብና አህያ አሉበት፤ የስሜን ጭላዳ ዝንጀሮ አለበት፤ ብቻዋን ገበያ የሄደች ልጅ አለችበት። ከነሱ ጋር ለመምህራንና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የተዘጋጀ፣ ለልጆች እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳይ መመሪያም መጣ።

ወለተሩፋኤል ካርቶኑን ስትከፍት እንባዋ መጣ። እያንዳንዱን መጽሐፍ በላስቲክ ሸፈነች። በቁመታቸው ደረደረቻቸውና መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈች። መመሪያውንም እንደታሸገ ከጎናቸው አቆመችው። ማየት የሚፈልግ ልጅ ከቧንቧው እጁን ታጥቦ፣ መዳፉንና የእጁን ጀርባ አሳይቶ፣ ከመስታወቱ ፊት ይቆማል። ቀኑ የተለየ ከሆነ እሷ ራሷ አንዱን አውጥታ ሽፋኑን ታሳያለች። «ለእናንተው ብዬ ነው የምጠብቀው» ትላቸው ነበር። ውሸት አልነበረም፤ እንደዚያ ነበር የምታምነው። መምህራኑም «እጇ ላይ ነገር አይጠፋም» እያሉ ያመሰግኗት ነበር።

ምስጋናው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ አቶ ነጋ መጥተው በጣታቸው መደርደሪያውን ዳበሱ፤ አቧራ አላገኙም። የሌሎች ወረዳዎች መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች መጥተው እንዲማሩበትም ወሰኑ። ወለተሩፋኤል ያን ሰሞን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ደስታ ነበር። አባቷ በሕይወት ኖረው ቢያዩ ስትል ተመኘች።

እንግዶቹ ከአይከል፣ ከማክሰኝትና ከአዲ አርቃይ በሚኒባስ መጡ። ከአዲ አርቃይ የመጣችው ምሥራቅ የምትባል ወጣት ናት፤ ሹራቧ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ትከሻዋ ላይ የጨርቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች። አቶ ነጋ ስለ ንብረት አያያዝ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። እንግዶቹ በመስታወቱ በኩል አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በስልካቸው ፎቶ አነሱ። ከዚያ ምሥራቅ በትሕትና፣ የሚቻል ከሆነ አንድ ልጅ ስታነብ ብንሰማ ሸጋ ነበር አለች።

ወለተሩፋኤል አላመነታችም። ከሦስተኛ ክፍል ሕሊናን አስጠራች። ሕሊና ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ የምታነብ ልጅ ናት፤ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የሳሙና መጠቅለያ አይቀራትም። በየዕረፍቱ ከዚያ መስታወት ፊት የማትጠፋውም እሷ ናት። ስትሮጥ መጣች፤ እጇ እርጥብ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት መዳፏን፣ ቀጥሎም ጀርባውን ለእንግዶቹ አሳየች። ከማክሰኝት የመጡት ሰውዬ ሳቅ አሉ።

ወለተሩፋኤል ገበያ የሄደችውን ልጅ መጽሐፍ አውጥታ ሰጠቻት። ሕሊና በሁለት እጇ፣ ሙሉ ጽዋ እንደያዘ ሰው ተቀበለችው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ርእስ ጥርት አድርጋ አነበበችና አቆመች። ሁሉም ጠበቁ። ልጅቱ ርእሱን እንደገና አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ በቀስታ ጠየቀች።

«ቲቸር፣ ልግለጠው?»

ወለተሩፋኤል ያን ጊዜ ነው ልጅቱ ከዚያ ቁም ሳጥን አንድም መጽሐፍ ገልጣ እንደማታውቅ የገባት። «ግለጪው እንጂ» አለች። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ከወጣ ጀምሮ ተገልጦ ስለማያውቅ፣ የክፍሉም እርጥበት ተጨምሮበት፣ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። ሕሊና በጥፍሯ ፈለቀቀች፤ እንቢ አላት። ጠበቅ አድርጋ ብትስበው ገጹ ጠርር ብሎ ከመሃል ተቀደደ።

ቀጥሎ የሆነውን ወለተሩፋኤል እስከ ዛሬ ስታስታውሰው ዓይኗን ትጨፍናለች። እጇ ቀደማት። ልጅቱን አላየችም፤ መጽሐፉን ነጥቃ ወደ ብርሃኑ አዙራ የተቀደደውን መረመረች። ቀና ስትል ሕሊና ከግድግዳው ተለጥፋ፣ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ደብቃ፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

ምሥራቅ ተነሥታ ልጅቱ አጠገብ ቁጢጥ አለችና እጆቿን ከብብቷ አውጥታ በራሷ እጆች መሃል ያዘቻቸው። አቶ ነጋ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ ንብረት ሲበላሽ የሚያማት ሠራተኛ ይህች ናት» ብለው አጨበጨቡ። እንግዶቹም ለይሉኝታ አጨበጨቡ። ያ ጭብጨባ ወለተሩፋኤልን እንደ እሳት ለበለባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ምሥራቅ ልትሰናበታት መጣች። ወለተሩፋኤል ዓይኗን ሸሸቻት። ወጣቷ ግን ልትወቅሳት አልነበረም የመጣችው፤ ወለተሩፋኤል ቀደም ሲል አዲ አርቃይ ስላለው ቤተ መጻሕፍቷ ጠይቃት ስለነበር መልሱን ልትነግራት ነበር።

«ጦርነቱ ሲያልፍብን በቁልፍ ያስቀመጥነው በሙሉ ነደደ፣ እትዬ። አሁን የምናነበው ልጆች ወደ ቤታቸው ወስደው ሳይመልሱ የቀሩትን ነው። በጊዜው ተቆጥቻቸው ነበር።»

ይህን ብላ ሳመቻትና ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ወለተሩፋኤል አቧራው እስኪረግብ ድረስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ሕሊና ትምህርት ቤት አልመጣችም። በሦስተኛው ቀንም አልመጣችም። ወለተሩፋኤል ነጠላዋን አጣፍታ የልጅቱን ቤት ፈልጋ ሄደች። እናትየዋ ራሔል ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ናት። እንግዳዋን ስታይ ደንግጣ ተነሣች፣ በርጩማዋን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻት። ወለተሩፋኤል አፏን ሳትከፍት ራሔል ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ልጅ ናት፣ ይማሯት፤ መጽሐፉን የሚጠግን ሰው ካለ ወስጄ አስጠግናለሁ፤ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትነካ መክሬያታለሁ፣ አለች። ሕሊና ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ እግሮቿ ብቻ ይታያሉ።

«ልጅሽ ጥፋት የለባትም» አለች ወለተሩፋኤል። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምነው እትዬ፣ እንዲህ አይበሉ እንጂ። የሚጠብቁት እኮ ለነሱው ብለው ነው።»

የገዛ ቃሏ ነበር። ስንት ጊዜ ለልጆቹ የተናገረችውን ልጆቹ ቤታቸው ወስደውት፣ አሁን ከእናት አፍ ወጥቶ መጣባት። ማስረዳት ጀምራ ተወችው፤ በርጩማው ላይ አንገቷን ደፍታ ጥቂት ተቀመጠችና፣ ልጅቱ ሰኞ እንድትመጣ ለምና ወጣች። መንገድ ላይ የሚያውቋት ሰዎች ሰላም ሲሏት እንደ ወትሮው ቆማ አልመለሰችም።

ሰኞ ቁም ሳጥኑን ከፍታ መጻሕፍቱን ጠረጴዛና ምንጣፍ ላይ ዘረጋች። ልጆቹ ግን አልገቡም። እጃቸውን ታጥበው፣ ውኃው ከጣታቸው እየተንጠባጠበ፣ በሩ ላይ ተሰልፈው መዳፋቸውን ያሳያሉ። «ግቡ፣ ንኩ» ስትላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ደፋር ገብቶ የጅቡን ሽፋን በጣቱ ጫፍ ነክቶ ሮጦ ወጣ።

መመሪያውን ያን ቀን ከላስቲኩ አወጣችው። ልጆቹን አጠገብህ አስቀምጥ፣ መጽሐፉን ወደ እነሱ አዙር፣ ድምፅህን እንደ ታሪኩ ለዋውጥ፣ ገጹን እነሱ ይግለጡት ይላል። ከባድ ነገር አልነበረም። ይህን ያህል ጊዜ እጇ ላይ ኖሮ አንድም ቀን አለማንበቧ አሳፈራት። እንደተባለው ልታደርግ ሞከረች፤ ግን ንባቧ ሳታስበው ወደ ዳዊቱ ዜማ እየሄደ ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን እንዳሉ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። የአንደኛ ክፍሉ መምህር ባምላክ መጥቶ ረዳት። እሱ እንደ ጅብ ሲጮኽ ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። እሷ ጥግ ይዛ፣ በልጅ ዕድሜዋ ካለ መምህር እንደ ተማሪ ስትማር ከረመች።

መጻሕፍቱ ማርጀት ጀመሩ። ወጥ የነካው መጣ፣ ጥጉ የተበላ መጣ፣ ጨርሶ ያልተመለሰም አለ። እያንዳንዱን ባየች ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይላል፤ ስንጥቅ በማለቱም ታፍራለች። አቶ ነጋ በሌላ ጊዜ መጥተው ምንጣፉ ላይ የተበተነውን አዩና ፊታቸው ጠቆረ። ምን ነካዎት፣ ይህን ነው ለሰው ያሳየሁት፣ አሏት። እሷም እዚያው የቆሙት መምህራን እየሰሙ፣ ድሮ ያሳየቻቸው መጻሕፍት ሳይሆኑ መስታወት እንደነበረ ነገረቻቸው። እሳቸውም ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ይዘው አልመጡም።

ሕሊና ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ቤተ መጻሕፍት ግን ከበሩ አታልፍም። መምህር ባምላክ ሲያነብ ደፉ ላይ ቆማ ታዳምጣለች፤ እጇ ከኋላዋ ነው። አንድ ቀን ወለተሩፋኤል ሽንኩርት ልትገዛ ጉልቱ ዘንድ ብትቆም፣ ራሔል ልጇ ቤት ውስጥ የምታነበው ከጎረቤት የተዋሰችውን አሮጌ መማሪያ መሆኑን አወራቻት።

«ከትምህርት ቤት ምነው አታመጪም ብላት፣ ያ የቲቸር ነው እንጂ የኛ አይደለም አለችኝ» አለች ራሔል፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ የልጅ ወግ እንደሚያወራ ሰው እየሣቀች።

ወለተሩፋኤል ሽንኩርቱን ሳትቀበል ቆመች። የዚያን ዕለት ግን እንደ በፊቱ አልሸሸችም። ከራሔል ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፉን ከልጅቱ እጅ እንዴት እንደነጠቀች፣ ገጹ ለምን እንደተጣበቀ፣ ምንም ሳትደብቅ ከመጀመሪያው ነገረቻት። ራሔል በዚህ ጊዜ «እንዲህ አይበሉ» አላለችም። ዝም ብላ ሰማቻት፤ ዝም ብላም ሽንኩርቱን መዘነችላት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወለተሩፋኤል አንድ መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ጉልቱ ትሄዳለች። ከቃሪያው ክምር አጠገብ ተቀምጣ ጮክ ብላ የልጆች ተረት ታነባለች። ገበያተኛው እያየ ያልፋል፤ አንዳንዱ የመሪጌታ ልጅ ምን ነካት እያለ ይጠቃቀሳል። ፊቷ ይግላል፤ ቢሆንም ታነባለች። ሕሊና ከጆንያው ጀርባ ተቀምጣ ሌላ ነገር የምትሠራ ትመስላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ጭላዳው ስታነብ ከጆንያው ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ቲቸር፣ አንድ መስመር ዘለሉ።»

እውነትም ዘላ ነበር። መጽሐፉን ወደ ልጅቱ ዘርግታ የትኛውን እንደሆነ ጠየቀቻት። ሕሊና ጠጋ ብላ አመለከተቻት፤ ጣቷ ግን ወረቀቱን አልነካም፤ ከፊደሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ። ወለተሩፋኤል ያንን ጣት አየች። ተመልሳ የዘለለችውን መስመር አነበበችው።