ጆሯቸው ቀይ የሆነ ድስቶች

እትዬ ፈለቀች ከኦሎምፒያ ጀርባ ያለው የሰፈራችን እድር ዕቃ ጠባቂ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ወለል እየወለወሉ ሁለት ሴት ልጆች አሳድገዋል። ረቡዕና ዓርብን አይገድፉም፤ የመድኃኔዓለም ዝክራቸው ተጓድሎ አያውቅም። ይህን ስል ጻድቅ ላደርጋቸው አይደለም። ቁጡ ነበሩ። አንድ ማንኪያ አጉድሎ የመለሰ ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው አልጋ ሥር ያስፈልጉታል። እኔ ሽፈራው የእድሩ ጸሐፊ ስለነበርኩ ቁጣቸውን ከማንም በላይ ቀምሻለሁ።

እድራችን የክርስቲያንም የሙስሊምም ነበር። ስለዚህ ከትልልቆቹ ብረት ድስቶች ሁለቱ ጆሯቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብተው ለሙስሊሞቹ ሥጋ ብቻ ተለይተዋል። እትዬ ፈለቀች እነሱን ለብቻ መደርደሪያ ላይ፣ ንጹሕ ጆንያ አልብሰው ያስቀምጧቸዋል። አንድ ቀን ቀለድኩባቸው።

"እርስዎ እንደሆነ የእስላም ሥጋ አይቀምሱ፤ ለድስታቸው ይህን ያህል ምን አስጨነቀዎት?"

"አልቀምስም። እነሱም የኔን አይቀምሱም። አባቱ እድሩ ሲገቡ ጠብቂልን ብለውኝ እሺ ብያለሁ፤ አለቀ" አሉኝ። አባቱ የሚሉት የልብስ ሰፊውን የአብዱራሕማንን አባት ነው።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መስከረም ሁለት ረቡዕ ላይ ዋለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ብርሃኑ በሬ አሳርዶ ሲደግስ የእድሩን ድስቶች ወሰደ። አልሰጥም የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። እትዬ ፈለቀች ቁልፉን ሲሰጡ "ቀዮቹን እንዳትነኩ" ብለው አስጠንቅቀዋል። ቀኑ ጾም ነውና ከእድሩ ሴቶች ሥጋው አጠገብ የቆመ አልነበረም። ኀሙስ ዕለት ዕቃውን የመለሰው የቀበሌው ዘበኛ፣ አንዳች ክፋት ሳያስብ፣ "ሥጋው ቢበዛብን በቀዮቹም ቀቀልንበት። ግድ የለም፣ በኦሞ ታጥበዋል" አላቸው።

እሑድ ደግሞ የአብዱራሕማን ሴት ልጅ ሰርግ ነው። አማቾቹ ከደሴ ይመጣሉ፣ ሁለት ሰንጋ ተገዝቷል፣ የሚሠራውም በነዚያው ቀያይ ድስቶች ነው።

እትዬ ፈለቀች በቀጥታ እኔ ዘንድ መጡ። ነጠላቸው ወድቆ መሬት ይጎተታል፤ እንዲያ ተደናግጠው አይቻቸው አላውቅም።

"ምን ይሻላል ሽፈራው?"

እኔ ብልሁ! "እትዬ፣ ዝም አይነቅዝም" አልኳቸው። "ድስቱ ታጥቧል። የሚያውቅ የለም። ነገሩ ቢወጣ አንደኛ ሰርጉ ይበላሻል፣ ሁለተኛ ጓድ ብርሃኑ ሕዝብ ከፋፋይ ይልዎታል።" ፈሪ ነበርኩ፤ አሁን ባወራው ምን ቸገረኝ። ስም በቀበሌ ስብሰባ በክፉ ከተነሣ የሕብረት ሱቅ ስኳር እንኳ ይከለከላል። እኔ ደግሞ አራት ልጆች አሉኝ።

ቆመው አሰቡ። "በሁዳዴ ቅቤ ከነካው ድስት ያበላኝ ሰው ቢኖር፣ እኔ አላወቅኩምና እግዚአብሔር አይጠይቀኝም። የሚጠየቀው እያወቀ ያበላኝ ነው" አሉ።

"የነሱ ሕግ እኮ የኛ አይደለም።"

"ሕጉ የነሱ ነው። ቃሉ ግን የኔ ነው" ብለው ወጡ።

ዓርብ ከሥራ ሲመለሱ አብዱራሕማን ሱቅ ገቡና አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። መቀሱን አስቀመጠ አሉ። ሌላ ድስት እንዳይለምን ቀን የለውም። ሼኩን ሄዶ ጠየቀ፤ በፍል ውሃ በደንብ ከታጠበ ይበቃል አሉት። ተመልሶ መጣና "እትዬ፣ ቀበሌ ያጠበውን አላየሁትም። እርስዎ ካጠቡት ግን እበላበታለሁ" አላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ውሃ ፈላ። እትዬ ፈለቀች በአሸዋና በአመድ ይፈትጋሉ፣ አብዱራሕማን ያፈስላቸዋል። ሰፈሩ ወጥቶ ያያል። እኔ በአጥር ቀዳዳ አየሁ። ጓድ ብርሃኑ ሰምቶ መጣ።

"እናት፣ ታጥቦ የተመለሰን ዕቃ በአደባባይ ማጠብ ቀበሌውን ማሳጣት ነው። ይኼ ጎታች አስተሳሰብ ነው!"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃው ፍል ነው፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ" አሉት። ፈቀቅ አለ።

አልማራቸውም። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አስነሥቶ ግለሂስ አድርጊ አላቸው። እትዬ ፈለቀች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ "ጥፋቴ ቁልፉን መስጠቴ ነው። ሁለተኛ አልሰጥም" ብለው ተቀመጡ። ሰው ሳቁን ዋጠ። ስኳሩ ሦስት ወር ቀረባቸው። በዚያ ሦስት ወር ሻያቸውን መራራ ይጠጡ ነበር ማለት ግን አልችልም፤ ከየቤቱ በስኒ በስኒ የሚላክላቸውን አይቻለሁ።

እኔን ያገኘኝ ግን የሰርጉ እሑድ ነው። አብዱራሕማን ምግብ ከመቅረቡ በፊት የሆነውን ሁሉ ለአማቾቹ ነገራቸው። የሙሽራው አባት ሽማግሌ ናቸው፤ "ማን አጠበው?" ሲሉ እትዬ ፈለቀችን አሳያቸው። ሽማግሌው በፍል ውሃ የቀላውን የእትዬን እጅ አዩና ቢስሚላህ ብለው ቀድመው ጎረሱ። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ደስ አለኝ፤ የሚያኮራ ነገር የሠራሁ ይመስል።

ለኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ተዘጋጅቷል። አብዱራሕማን ራሱ ትሪ ይዞ መጣ። "የእናንተው ነው። ጎረቤታችን ኣፅብሃ ነው ያረደው፣ ሚስቱ በገዛ ድስቷ ሠራችው" አለ። ዘጠኝ ዓመት ቤቱ ስበላ ማን አረደው ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ሁልጊዜ ሳልጠይቀው ይነግረኛል።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ በዝግታ ጠየቀኝ።

"ሽፈራው፣ ዓርብ ጠዋት የልጆቹን ዩኒፎርም ልትወስድ ስትመጣ፣ ሻይ ስንጠጣ፣ ታውቅ ነበር?"

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።

"አውቅ ነበር" አልኩት። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትንሽ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወጡን ጨለፈና እንጀራዬ ላይ አደረገልኝ።

"ብላ። የእናንተው ነው፤ አትጠራጠር" አለኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።