ከአፌ የቀደመኝ መወድስ

ቅኔ ሁለት ጊዜ አይባልም። አንዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተባለ አለቀለት፤ የደገመው ሰው ሌባ ነው፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ከቅኔ ቤት ይባረራል። ይህን ሕግ ከአቡነ ዘበሰማያት እኩል ነው የማውቀው። ስለዚህ ያን እሑድ ሳስበው ዛሬም፣ በዚህ ሽበቴ፣ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ ለንጉሡ መድፍ የሚሠሩበት ዘመን ነው። እኛ የቅኔ ተማሪዎች ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ፣ ከአንድ ደብር አጠገብ ጎጆ ቀልሰን እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ደበሎውን ተከናንቦ ወደ ጫካ ይበተንና ለየብቻው ቅኔ ይቆጥራል፤ ስንኙን በልቡ እያወጣ እያወረደ ይገጥማል። እኔ ሰው የማይደርስበት ቦታ አግኝቼ ነበር፤ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ የድንጋይ ክምር ያለበት አንድ ጽድ ሥር። እዚያ ወፍ እንኳ አይጮህም። ቃሉ ግን፣ ኧረ እንዴት አድርጎ ይመጣ ነበር!

ያን እሑድ የኔታ ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንድል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀዱልኝ። ባለቅኔው ስንኙን ቀስ ብሎ ይናገራል፤ አጠገቡ የቆመው ተቀባይ ደግሞ እየተቀበለ በዜማ ለሕዝቡ ያሰማል። የእኛ ተቀባይ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። የመጀመሪያውን ስንኝ ነገርኋቸው፣ ተቀበሉኝ። ሁለተኛውንም ተቀበሉኝ። ሦስተኛውን ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ራሴ የገጠምሁትን፣ ለማንም ያልነገርሁትን፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው ዘለቁት።

«ከማን ሰረቅኸው?» አሉኝ የኔታ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ።

«ኧረ የኔታ፣ በሠራኝ አምላክ! የራሴ ነው!» ብዬ ጮህሁ። እልሄ ከፍርሃቴ ይብስ ነበር።

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «አልሰረቀም» አሉ። «ይህ የባልንጀራዬ ቅኔ ነው። በወጣትነታችን ፈንጣጣ ሲገድለው በጆሮዬ ነገረኝ። እኔም ለማንም አልተነፈስሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም አልተባለም። አንተ ልጅ፣ የት ተቀምጠህ ቆጠርኸው?»

ጽዱን፣ ገደሉን፣ የድንጋዩን ክምር ነገርኋቸው።

«ያን ድንጋይ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ፣ የከመርሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በሽታውን ፈርተው መቃብር ቢከለክሉን እዚያ ቀበርሁት።»

በስመ አብ! የኔታ ሳይቀሩ አማተቡ። ግን ሊቅ ናቸውና ለመናፍስት ወሬ ብለው ተማሪ አይምሩም። «በሚመጣው እሑድ ሌላ መወድስ ትላለህ» አሉኝ። «አሁንም ከቀደሙህ አኮፋዳህን ይዘህ ትሄዳለህ። ባዶህን ከመጣህም እንደዚሁ።»

ከዚያ ጽድ ሸሸሁ። ወንዝ ዳር ተቀመጥሁ፤ ምንም። ገብስ ማሳ መኻል ተቀመጥሁ፤ ጭራሽ ምንም። ጓደኞቼ፣ «ቅኔ ቢጎድልህ ቀረርቶ ሙላበት!» እያሉ ይሳለቁብኛል። አባቴን አስቀይሜ፣ ውሻ እያባረረኝ ቁራሽ ለምኜ የተማርሁ ሰው ምን ተብዬ አገሬ ልመለስ? ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ጉና ጉም ሲለብስ፣ እያለቀስሁ ወደዚያው ወጣሁ። ገና ደበሎዬን አስተካክዬ ሳልቀመጥ መወድሱ ከነዜማው መጣ።

እሑድ ቆምሁ። ስንኝ በስንኝ ነገርኋቸው፤ ሽማግሌው ስንኝ በስንኝ ተቀበሉኝ፤ አንዴም አልቀደሙኝም። ሲያልቅ ካህናቱ «ይበል! ይበል!» አሉ፤ የኔታም ግንባሬን ሳሙኝ። እሰይ፣ ባለቅኔ ሆንሁ! ደስታዬ ግን እስከ በሩ እንኳ አልሸኘኝም። ሽማግሌው ክንዴን ጨበጡኝ፤ ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ይችን ባልንጀራዬ ለእኔ እንኳ አልነገረኝም ነበር።»