የወንድዬ ካሴትና የስምንት ሰዓቱ ሳይረን

ባለቤቴ ወንድዬ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰው እንዲያናግረው አይፈልግም ነበር። መስኮቱ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጥና ማዳመጫውን ቀኝ ጆሮው ውስጥ ያደርጋል። ግራውን አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ትቶት ነው የወጣው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በእነዚያ ማሽኖች መሃል የቆመ ሰው ጆሮው ደህና አይሆንም። ቀኙም ቢሆን ወፍራም ድምፅ እንጂ ቀጭን አይዝለትም ነበር፤ ከአስፋልቱ ማዶ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ይሰማል፣ አጠገቡ የሚጮኸውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ግን አይሰማም።

የሚያዳምጠው በቴሌግራም የተሰባሰቡ የጃዝ ወዳጆችን ነው። ልጃችን ልዕልት ናት ያስገባችው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ቀኑን ሙሉ ዝም ሲልብን፣ ከቂሊንጦ ሥራዋ ስትመለስ አንድ ማታ ስልኩን ተቀብላ አስተካክላ ሰጠችው። ወደ አራት መቶ ሰው አለበት። ማዳመጫ እስክትገዛለት ድረስ ስልኩን እስከ መጨረሻው ያስጮኸው ስለነበር፣ እኔም ከጓዳ ሆኜ የብዙዎቹን ድምፅ ለይቼ ነበር። የትኛው ሸክላ በአንድ ሌሊት ተቀድቶ እንዳለቀ ይከራከራሉ። መብራት የጠፋበትን ኮንሰርት እያነሱ፣ ባለ ቤዙ በጨለማ ብቻውን ምን ያህል ደቂቃ እንደተጫወተ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ሦስት ሲል ሌላው ዐሥር ይላል። ወንድዬ መጻፍ ስለሚያስቸግረው በድምፅ ነበር የሚመልስላቸው። ጋሽ ወንድዬ እያሉ ያከብሩታል፤ እሱም ልክ ቢሮ እንደሚገባ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚጀምረው።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው። የግሩፑ ኃላፊ ነቢዩ፣ ሳሪስ ላይ ድምፅ ማጉያ የሚጠግን ሰው ነው፣ ተጫዋቹ ያልተጻፈበት አንድ ሙዚቃ ይለቃል። ሁለት ጊዜ ሳይሰሙ መናገር ክልክል ነው። ከዚያ ማን እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደተጫወተው ይገምታሉ። ማንም ያላወቀው ሙዚቃ ሥሩ “ስም የለሽ” ተብሎ ይቀመጣል። ስም የሚሰጠው ተጫዋቹ “እኔ ነኝ” ስላለ ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን እዚያ የነበረ ሌላ ሰው መመስከር አለበት። አንድ ጊዜ አንዱ ያልተጫወተውን ጊታር የኔ ነው ብሎ ስላሳፈራቸው ነው ይህን ሕግ ያወጡት።

ወንድዬ ወጣት ሳለ በፋብሪካው የኪነት ቡድን ውስጥ ቴነር ሳክስፎን፣ ወፍራም ድምፅ ያለውን፣ ይጫወት ነበር። በሥራ ቀን ስብሰባ ላይ የታዘዙትን መዝሙር ይጫወታሉ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የከሰዓቱ ሽፍት ከመግባቱ በፊት ግን፣ በሠራተኛው ክበብ ውስጥ ጃዝ ይጫወቱ ነበር። ሳክስፎኑ የፋብሪካው ንብረት ነው። ቡድኑ ሲፈርስ ፈርሞ ለዕቃ ግምጃ ቤት መለሰው፤ ከዚያ ወዲያ በእጁ ይዞ አያውቅም። ተጫውቶ የተቀዳውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት። የቀዳው ሀይረዲን የሚባል የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነበር። ሀይረዲን ሞተ፣ ካሴቱም ከዕቃው ጋር የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። ወንድዬ ስለዚያ ካሴት ሲያወራ ስለ ጠፋ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ከወፍጮ ቤት ስመለስ፣ ወንድዬን መሃል ቤት ቆሞ አገኘሁት። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተሰብሯል፣ ሻዩም ምንጣፉ ላይ ፈሷል። ነቢዩ አንድ ካርቶን አሮጌ ካሴት ገዝቶ፣ ከውስጡ ያገኘውን አንዱን ለቆት ኖሯል። ወንድዬም ሁለት ጊዜ እስኪሰማ እንኳ አልጠበቀም፤ ይሄ እኔ ነኝ፣ የክበባችን ነው፣ ሶሎው የኔ ነው ብሎ በድምፅ ልኮ ነበር።

መልስ ሲመጣ እንድሰማለት ማዳመጫውን ነቀለው። ጂራታ የሚባል የሙዚቃ አስተማሪ ነው የመለሰው። ሁሉም እሱ ያለውን ነው የሚቀበሉት፣ ልጁም ትሑት ነው።

“ጋሽ ወንድዬ፣ እንደምናከብርዎ ያውቃሉ። እርስዎ ግን ቴነር ነበር የምጫወተው ብለውናል። ይሄ አልቶ ነው፣ ቀጭኑ ሳክስፎን፤ ቴነር እዚህ ድረስ አይወጣም። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ጣት ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የፋብሪካ ባንድ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም።”

ከሥሩ አንዱ፣ ጋሽ ወንድዬ ቅዳሜን ዛሬ ቀደም ብለው ነው የጀመሯት መሰለኝ ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ የሚስቅ ፊት ደረደሩበት። ወንድዬ በሕይወቱ አረቄ ቀምሶ አያውቅም።

እንደገና ደጋግሞ ሰማው። የዜማው መዞሪያዎች የኔ ናቸው፣ እስትንፋስ የምወስድበትም ቦታ የኔ ነው አለኝ፤ ግን ለምን እንደቀጠነ አላውቅም፣ ግማሹም አይሰማኝም አለ። ከቡድኑ በሕይወት ያለ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ወደ እኔ ዞረ።

“ፈለቀች፣ አንቺ ያኔ ፈትል ክፍል ነበርሽ። አንድ ቀን እንኳ ስጫወት አልሰማሽኝም?”

“እኔ ክበብ ገብቼ አላውቅም” አልኩት።

እውነት ነው፣ ገብቼ አላውቅም። ነገር ግን ቅዳሜ የከሰዓቱ ሽፍት ሲደርሰኝ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ እመጣና ክበቡ መስኮት ሥር፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ እቆም ነበር። እሱን ለመስማት ነበር የምቆመው። ካሴቱ የተቀዳ ቀንም እዚያው ነበርኩ። ከጋብቻችን በፊት ነው ይህ ሁሉ። ሽማግሌዎች ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ያየሁት ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ ነው ብዬ ነበር፤ ለእሱም፣ በኋላ ለልዕልትም ያልኩት ይህንኑ ነው። አርባ ዓመት የቆየ ነገር ስለሆነ አፌ እንቢ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ መስኮት ሥር ቆሜ እሰማህ ነበር ማለት አሳፈረኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ወንድዬ ራሱን ነቀነቀና ጉሮሮውን ጠርጎ ስልኩን አፉ አጠገብ ያዘ።

“ልጆቼ፣ ያረጀ ጆሮ ነው ያታለለኝ። የሌላ ሰው ሥራ የኔ ነው ማለቴን ይቅር በሉኝ።”

ነቢዩ ምንም አይደለም ጋሽዬ፣ ያጋጥማል አለው። ሙዚቃው ሥር “ስም የለሽ፣ አልቶ ሳክስፎን” ተብሎ ተጻፈ። ወንድዬ ከዚያ ቀን በኋላ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መተኛት ጀመረ። አንድ ቀን ልብስ ሳጥፍ፣ ድሮ ጥሩ የምጫወት ይመስለኝ ነበር አለኝ። ልብሱን ማጠፌን ቀጠልኩ። ጥቅምት ውስጥ የጥጥ ብናኝ የጎዳው ሳንባው አገረሸበት፤ ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በአራተኛው ቀን አረፈ።

አርባው ካለፈ በኋላ ልዕልት የስልክ ቁጥሩን ልናዘጋው ነው ስትለኝ፣ እስቲ መጀመሪያ ለእኔ ስጪኝ አልኳት። ያን ሙዚቃ አውጥታ ከፈተችልኝና ገበያ ሄደች። ማዳመጫውን በቀኝ ጆሮዬ አደረግሁ። የሰማሁት ግን ያ የማውቀው አልነበረም። የወንድዬ ዜማ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ፣ ሰው ያስተከዘ ነበር፤ ይሄ እንደ ወፍ ይቸኩላል። ልጆቹ እውነታቸውን ነው አልኩ በልቤ።

ሙዚቃው አልቆ ጭብጨባ ሲጀመር የሚዘጋበትን ቦታ አጣሁትና ዝም ብዬ ተውኩት። ሌሎቹ እስከዚህ የሰሙት አይመስለኝም። ከጭብጨባው በኋላ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ ከዚያ የፋብሪካው የስምንት ሰዓት ሳይረን ጮኸ። ቀጭን ነበር፣ የሕፃን ፊሽካ ነው የሚመስለው።

በዚያ ሳይረን ሃያ ስድስት ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ። ሲጀምር በሩን እያለፍኩ አባታችን ሆይ እጀምራለሁ፤ ሁልጊዜም ስለ ዕለት እንጀራ የሚለው ላይ ስደርስ ነው የሚያቆመው። አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። ከስልኩ ስሰማውም ከልማዴ አፌ ጀመረ። እንጀራው ጋ ሳልደርስ ሳይረኑ አለቀ። ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሞከርኩ፤ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀደመኝ።

ያኔ የሀይረዲን ባትሪ ድንጋዮች ትዝ አሉኝ። የክበቡ ሶኬት አንድ ብቻ ስለነበር ማጉያው ይዞታል፤ ሀይረዲን ቴፑን በድንጋይ ነበር የሚያሠራው። ያን ቀን ያለቁትን ድንጋዮች መስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ አስጥቶ፣ ሲሞቁ መልሶ ሲከት ከሥር ሆኜ አይቼዋለሁ። ስድስት ነበሩ፣ የአንዱ ወረቀት ተልጧል።

ለልዕልት ስነግራት ከእኔ ጋር ቁጭ አለችና፣ እማዬ ይሄን አንቺ ራስሽ ካልተናገርሽ ማንም አያምነንም አለችኝ። ሁለት ቀን አመነታሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጓዳ ገባሁና ስልኩን አፌ አጠገብ ያዝኩ።

“ፈለቀች እባላለሁ፣ የወንድዬ ባለቤት ነኝ። ካሴቱ ሲቀዳ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። ቴፑ ፀሐይ ላይ በሞቀ ድንጋይ ነበር የሚሠራው። መጨረሻ ላይ ያለው ሳይረን የእኛ ፋብሪካ ነው፣ ግን ከጊዜው ቀድሞ ነው የሚያልቀው። እስከ መጨረሻው ስሙት።”

ነቢዩ ወዲያው ገባው። ድንጋይ ሲደክም ቴፕ እየተጎተተ ይቀዳል፣ ያ ካሴት በደህና ማጫወቻ ሲከፈት ደግሞ ፈጥኖና ቀጥኖ ይወጣል አለ። ካሴቱን በዝግታ እያጫወተ እንደገና ቀዳው። ሲለቀው የመጀመሪያው ሰው የጻፈው አንድ ቃል ነበር፤ “ቴነር” ይላል።

ማምሻውን ስልኩ ጠራ፤ ጂራታ ነበር። 

“እትዬ ፈለቀች፣ ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ። ጋሽ ወንድዬን ያገናኙኛል?”

ለካ ማንም የነገራቸው የለም። የሚነግራቸውስ ማን ነበር?

“ልጄ፣ በኅዳር ቀበርነው” አልኩት።

ጂራታ አለቀሰ። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያሳፈርኳቸው ይላል። ተው አልኩት፤ አንተ ስልኩ ያሰማህን ነው የተናገርከው፣ እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቼው ነበር። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ እኔም አላብራራሁለትም።

በማግሥቱ ነቢዩ ሳክስፎን የያዙበት ፎቶ ካለ ላኩልን አለን። የለም። ልዕልት የፋብሪካውን መታወቂያ ፎቶ አንስታ ላከች፤ ሽመና ክፍል ይላል፣ ማኅተሙ ግራ ትከሻው ላይ አርፏል። አሁን ሙዚቃው ሥር “ቴነር ሳክስፎን፣ ወንድዬ፣ አቃቂ” ተብሎ ተጽፏል። “ምስክር” በሚለው ቦታ ደግሞ የኔ ስም አለ። ብዙ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ነቢዩ ሌላ ሙዚቃ ለቀቀና መገመት ጀመሩ።

ቁጥሩን አላዘጋነውም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በእሱ ወንበር ላይ እቀመጥና ነቢዩ ያስተካከለውን ሙዚቃ በቀኝ ጆሮዬ እሰማለሁ። ዜማው እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። ጭብጨባው ያልፋል፣ ወንበሮቹ ይጎተታሉ፣ ሳይረኑም ይጀምራል። እንጀራው ጋ ስደርስ ያቆማል።